ስርጉት «አሞኛል» ያለች ዕለት

ስርጉት ዕድሜዋን የፈጀችው ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በሰው ቤት ነው፤ ከአንዷ ማዳም ወደ ሌላዋ። በዚያ ሥራ ከአፍ የማይወጣ አንድ ቃል አለ፤ «አሞኛል»። ያለችው ሴት በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ወደ አገሯ ትሸኛለች። ስለዚህ ትኩሳት ቢያንገበግባትም፣ ወገቧን ቢቆርጣትም፣ ስርጉት «ደህና ነኝ» እያለች ወለሉን ትወለውላለች።

ጉልበቷ እምቢ ሲላት ሥራውን ተወችና ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር የምትኖረው የድሮ የሥራ ጓደኛዋ ፋጤ ዘንድ ገባች። ፋጤ ማዕከላዊ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፤ ምላሷ ስለት፣ ልቧ ቅቤ ነው።

«ከእንግዲህ ዕረፊ፤ ትወፍሪያለሽ» አለቻት።

ወይ መወፈር! ያን ሁሉ ዘመን ተራውን ሲጠብቅ የኖረ ሕመም ባረፈች ሰሞን ተጠራርቶ መጣ። እግሯ ያብጣል፤ ራሷን ያዞራታል። አንድ ቀን ቧንቧው አጠገብ ተዝለፍልፋ ወደቀች።

«አዳልጦኝ ነው» አለች። መታመሜን ካወቀች ፋጤም ወደ አገሬ ወደ ወሎ ትሸኘኛለች ብላ ፈርታ ነበር። የዋህ!

ፋጤ ግን አልተሞኘችም፤ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደቻት።

«ሳቫ?» ብላ ጠየቀቻት ሐኪሟ፣ ደህና ነሽ ወይ ለማለት።

ስርጉት ብድግ አለች፤ ቀሚሷን አስተካክላ ፈገግ አለች። «ሳቫ፣ ማዳም! ሳቫ!»

እየተንገዳገደች እኮ ነው! ሐኪሟም አምናት ሌላ በሽተኛ ልትጠራ ወደ በሩ ዞረች።

«አንቺ ሴት!» ፋጤ ጮኸች። «እዚህ ማን ያባርርሻል? ብትታመሚም ቤቴ ቤትሽ ነው። ተናገሪ!»

ስርጉት ወደ ሐኪሟ ዞረች።

«አሞኛል» አለች። «በጣም አሞኛል።» ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰች። ፋጤም የስርጉትን ዕንባ እየጠረገች ለሐኪሟ አስተረጎመችላት። የደም ግፊቷ ሲለካ ሐኪሟ ደነገጠች፤ ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ አትተርፊም ነበር አለቻት።

ዛሬ ስርጉት መድኃኒቷን ትውጣለች፤ ጧት ጧት ፀሐዩ ሳይበረታ ፋጤን እስከ ገበያው በእግሯ ትሸኛለች። እብጠቱም ጎድሏል። ፋጤ መንገድ ላይ «እንዴት አደርሽ?» ካለቻት ግን ጉድ ፈላ! ከጉልበቷ ጀምራ እስከ ራሷ ድረስ የተሰማትን አንድም ሳታስቀር ትነግራታለች።

«ወይ ጣጣዬ! ያኔ ዝም ብልሽ ይሻለኝ ነበር» ትላለች ፋጤ። ግን እስከ መጨረሻው ትሰማታለች።

ማታ ስርጉት ከመተኛቷ በፊት ፈጣሪዋን ታመሰግናለች፤ አሞኛል ብላ የምታድርበት ቤት ስለ ሰጣት።