ያልተራገፈችው አህያ

በንጉሡ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ለመሄድ ቃለ መጠይቅ ስጠብቅ አስተማሪዬ አስጠነቀቁኝ። "የጽሑፉን ፈተና አልፈሻል። እንዲህ ዝም ካልሽ ግን ማንም አይልክሽም። ሒሳብሽን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ተለማመጂ።"

በምንኖርበት ሱሉልታ የማላፍራቸው ሰው ድርቆሽ በአህያ ጭነው ገበያ የሚያወጡት ሽማግሌ ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ፤ ሲያወሩ ከሰው ፊት ይልቅ ገመዳቸውን ያያሉ። ጭነት ሲያስሩ ጠብቄ የማጠናው ስለ ቋጠሮ እንደሆነ ነገርኳቸው። የገመዱ ሁለት ጫፎች ይገጣጠማሉ፤ ከዚያ ሳይቆረጥ ቋጠሮው ይፈታል ወይስ አይፈታም? ጥያቄው ይህ ነው።

"እሺ። አህያዋስ የት ናት?"

"አህያ የለችም፣ አባባ።"

"ገመድ ያለ አህያ? ግድ የለም፣ እኔ አመጣታለሁ። ቋጠሮው ካልተፈታስ?"

"አለመፈታቱን በሒሳብ እናረጋግጣለን።"

ገመዱን ለቀቁት። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ታዲያ አህያዋ ምን አጠፋች? እንደተጫነች ትደር?"

በቃለ መጠይቁ ቀን ሦስት መምህራን ፊት ቀርቤ እንደ ልማዴ ወለሉን ማየት ጀመርኩ። አንደኛው "ይህ ትምህርት ለማን ይጠቅማል?" ሲሉኝ ሳላስበው "ለአህያዋ ምንም አይጠቅምም" አልኩ። ሦስቱም አፍጥጠው ሲያዩኝ ነገሩን ከመጀመሪያው ማስረዳት ግድ ሆነብኝ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ።

ማለፌን ለጎረቤታችን ስነግራቸው ደስ ብሏቸው መረቁኝ። ምርቃቱ ሲያበቃ ግን "ለመሆኑ" አሉኝ፣ "አህያዋን አራገፏት?"