«ደረሰች» የሰይድ ናት

ሥራ የጀመርኩት አሥረኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት ነው። መካነ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ኮምፒውተር ቤት ነበር። ባለቤቱ ጋሽ አሰፋ ይባላሉ። በመጀመሪያው ቀን የኮምፒውተሮቹን ልብስ አጣጥፌ እንዳስቀምጥ፣ ኪቦርዱን በብሩሽ እንድጠርግ፣ መብራት ሲመጣም ማሽኑን ቶሎ እንዳልከፍት አሳዩኝ። «የኛ መብራት ሲመጣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። እስኪረጋ ጠብቂው» አሉኝ። ሳቅሁ። ጥሩ አለቃ ያገኘሁ መሰለኝ።

አሁን የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው በየከተማው ኮምፒውተር ቤት ለምትሠሩና ገና ለምትጀምሩ ነው። በተቻለኝ መጠን በጥንቃቄ እጽፋለሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ የበረደ አስመስዬ መጻፍም አልፈልግም። ጋሽ አሰፋን አንቱ የምላቸው እናቴ እንደዚያ አድርጋ ስላሳደገችኝ ብቻ ነው።

ሥራውን ያስተማረኝ ሰይድ ነው። ጅዳ ሠርቶ የተመለሰ፣ የኮምፒውተር ቤቱ የጥገና ሠራተኛ ነበር። ፋን ሲጮህ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ጠብ ያደርግበታል። የፕሪንተር ቀለም አለቀ ሲባል አውጥቶ ያራግፈውና ለብዙ ቀን ያሠራዋል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ደንብ ነበረው። ኢሜይል ለማያውቅ ደንበኛ ኢሜይል ስንከፍትለት ፓስወርዱን ደንበኛው ራሱ ይመርጣል፤ ራሱም ይጽፋል። ሰውየው ፊደል እየፈለገ ቢያስመሸንም ሁለታችን ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን እንቆማለን።

«ጋሼ፣ ይኼ ምን ይባላል?» ብሎ አንድ ገበሬ ሳቀብን። «ቅጣት ላይ ናችሁ?»

«የቤትህን ቁልፍ እየሠራህ ነው። እኛ ምን አገባን?» አለው ሰይድ ከግድግዳው ሳይዞር።

በሌሎች ቤቶች ፓስወርዱን ሠራተኛው መርጦ በብጣሽ ወረቀት ይሰጣል። በእኛ ቤት ግን መዞር ግዴታ ነበር። ጋሽ አሰፋም ይዞሩ ነበር።

ሰይድ የራሱ ዌብሳይት ነበረው። ስሟ «ደረሰች» ነው። ልጃቸው ወደ ዓረብ አገር የሄደችባቸው እናቶች በዙሪያችን ካሉት ከከላላም ከማሻም ይመጣሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ልጄ ደርሳለች ወይ? ሰይድ እዚያ ያሉ ጓደኞቹን ጠይቆ የደረሰችውን ስሟን ይለጥፋል። ድምጿ የጠፋውን ልጅ ደግሞ ፎቶዋን ያወጣል። እናቶቹ ኮምፒውተር አይነኩም፤ የዌብሳይቷን ስም ግን ሁሉም ያውቃሉ። «እስቲ ደረሰች ላይ እይልኝ፣ አላህ ይስጥህ» ይሉታል፤ ክርስቲያኖቹም እንደዚያው። ደረሰች ላይ የወጣ ነገር ለእነሱ እውነት ነበር።

ለማያውቅ ልንገር። የዌብሳይት ስም፣ ዶሜይን የሚባለው፣ እንደ ኪራይ ቤት በየዓመቱ ይታደሳል። ክፍያውን ጅዳ የቀረ ጓደኛው በካርድ ይከፍልለት ነበር። ሆኖም ባለቤቱ በፓስወርዱ ገብቶ ካላረጋገጠ እድሳቱ አያልቅም። ጊዜው ካለፈ ስሙን የፈለገ ሰው ይወስደዋል።

እንድሪስ የሚባል ደላላ ነበር። ሴቶቹን በበረሃ በኩል የሚልክ እሱ ነው። እሱ የላካቸው ልጆች ድምፃቸው እንደጠፋ እናቶቻቸው ተናገሩ፤ ሰይድም የተናገሩትን አወጣው። እንድሪስ ሱቃችን ድረስ መጣ።

«አንተ ሰይዶ፣ እንጀራዬ ላይ ለምን ትቆማለህ?»

«እኔ የቆምኩት ከእናቶቹ ጎን ነው።»

«ስሜን አውርድ።»

«ልጆቹን አምጣና አወርዳለሁ።»

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ስም አጥፍተሃል ተብሎ ተከሷል። ሰይድ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ገመድ እያስተካከለ ነበር። ወጣና መፍቻውን ሰጠኝ። «አብሽሪ ስንዱ። ያንን ገመድ ጨርሺው» ብሎኝ ሄደ።

ክሱ ሳይታይ እየተቀጠረ ወራት አለፉ። ጅዳ ያለው ጓደኛው ስልክ ደወለልኝ። ከፍያለሁ፣ ግን ሰይድ ካላረጋገጠ ስሟ ትወድቃለች አለኝ። እንድሪስም መናኸሪያ ላይ «ያቺን ስም እኔ ነኝ የማነሳት። እናቶቹ ከሷ ሌላ አያምኑም» ማለቱን ሰማሁ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። እናቶቹ በደረሰች አምነው ልጆቻቸውን ለእሱ ሊሰጡት ነው።

ስሙን ለሚያከራየው ድርጅት በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ ጻፍኩ። እስረኛ ስሙን እንደያዘ ሊቆይ ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ ቶሎ መጣ። ሰውየው መታሰሩ ባለቤትነቱን አይለውጥም፤ እኛ ግን የምንነጋገረው ከባለቤቱ ጋር፣ በራሱ ኢሜይል ብቻ ነው ይላል።

በመጠየቂያው ቀን ማረሚያ ቤቱ ሄድኩ። ጠያቂ በአንዱ አጥር፣ እስረኛ በሌላው አጥር ነው የሚቆመው። በመካከል ፖሊስ ይመላለሳል። ሁሉም ስለሚጮህ አንተም ካልጮህክ አትሰማም። ፓስወርድ እንደዚያ ተጮኾ አይነገርም፤ ደግሞም የእንድሪስ የአክስት ልጅ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሰይድ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

ኃላፊው ቢሮ ገባሁና ለትንሽ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ እንዲያስቀምጡት ለመንኩ።

«ምን ሊሠራ?»

«የዌብሳይት ስም አለው ጌታዬ። የራሱ ንብረት ነው።»

«ቤት ነው? መሬት ነው? በሬ ነው?»

«ስም ነው።»

«ስሙማ እዚህ እኛ ጋ ተመዝግቧል» አሉና ሳቁ። ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ኮምፒውተር ሲበላሽ የጠገነላቸው ሰይድ ነው። ይህን ነገርኳቸው። «ጎበዝ ነበር» አሉኝ። ነበር አሉ፤ ሰውየው ከበስተጀርባዬ ካለው ግድግዳ ማዶ ቁጭ ብሎ።

የሰይድ እናት እትዬ ዘይነባ ነገሩን ከኃላፊው ቀድመው ገባቸው። «የገብስ መሬቱን ሠፈሩ በደቦ አርሶለታል። ታስሯልና መሬቱ የኛ ነው ያለ ሰው የለም። ይኼስ በምን ይለያል?» አሉ። ለሠፈሩ ሽማግሌዎችም ይህንኑ ተናገሩ።

ለኢድ ቤተሰብ ግቢ ገብቶ ከእስረኛው ጋር እንዲበላ ተፈቀደ። እትዬ ዘይነባ፣ ሽማግሌው ሸህ አራጋው፣ ጋሽ አሰፋና እኔ ገባን። ሸህ አራጋው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ የያዝከውን ነገር ለአደራ ስጥ።» በእኛ አገር አደራ የሚሰጠው ለታላቅ ሰው ነው፤ ሥራውን ለሚያውቀው አይደለም። ሰይድ አየኝ። እኔ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። በሽማግሌ ፊት ጋሽ አሰፋን ዘሎ ለእኔ ቢሰጥ ነውር ነው። ስለዚህ ሰይድ ጋሽ አሰፋ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብሎ ፓስወርዱን ነገራቸው። ሸህ አራጋው ዱዓ አደረጉ። ጋሽ አሰፋ ከሁላችን ቀድመው አሚን አሉ።

ሱቅ ስንመለስ ማሽኑን ከፍቼ የድርጅቱን ገጽ አወጣሁላቸው። «ዙሪ» አሉኝ። ዞርኩ። የቤታችን ደንብ ነው። ኪቦርዱ ከአንድ ፓስወርድ ለሚበልጥ ጊዜ ሲንኳኳ ሰማሁ። ፊደል የሚፈልጉ መሰለኝ። «ታድሷል» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ለእትዬ ዘይነባ ልነግር ሮጥኩ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ደረሰችን ስከፍት የልጆቹ ፎቶ የለም። ትልቅ አውሮፕላን አለ። ከሥሩ የእንድሪስ ስልክ ቁጥር።

«ጋሽ አሰፋ፣ ይኼ ምንድነው?»

«ተላልፏል።»

«ለማን? የሰይድ አይደለም እንዴ?»

«በኔ ስም ነበር ያለው። ከኢዱ የተመለስን ዕለት፣ አንቺ ዞረሽ ሳለሽ፣ አዛወርኩት። እስረኛ ምን ስም ይይዛል? መንግሥት ቢወርሰውስ? ቢወድቅስ? ከሚጠፋ ብዬ ለሚሠራበት ሰው ሰጠሁ።»

«በነፃ?»

«አንቺ ልጅ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

መፍቻውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን በሩ ፊት እየቆምኩ ለእናቶቹ ደረሰች ተሸጣለች፣ አትመኑ እላለሁ። አንዳንዷ ሰማችኝ። አንዲት የከላላ እናት ግን በበቅሎ ደክመው መጥተው «ልጄ፣ ቁጥሩንማ ደረሰች ላይ አይደል ያገኘነው? ልጅቷ ከሄደች ሰነበተች» አሉኝ። የልጅቷን ፎቶ ከጉያቸው አውጥተው ደረሰች ላይ አውጪልኝ ሲሉኝ አለቀስኩ።

ሰይድ ማስረጃ የለም ተብሎ ተፈታ። ለድርጅቱ በራሱ ኢሜይል ጻፈ። በትክክለኛው ፓስወርድ ተገብቶ የተላለፈ ስም አይመለስም አሉት። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ጋሽ አሰፋ «ለሱ ብዬ ነው» አሉ። ሸህ አራጋው የሰይድን ጉልበት ይዘው ይቅር በል አሉት።

«እኔ ይቅር ብል የከላላዋ ልጅ ትመጣለች?» አለ ሰይድ። ተነሥቶ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት።

የልጅቷ ፎቶ አሁንም እኔ ጋ ነው። የደረሰችበትን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

እስረኛ የዌብሳይት ስሙን እንደያዘ መቆየት ይችላል። ከእስር ቤት ሆኖ ማረጋገጥ ግን አይችልም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ይገባለታል። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ደንበኛ ፓስወርድ ሲጽፍ ዙሩ። በሌላ ሰው ቦታ የተቀመጠ ሰው ሲጽፍ ግን፣ አለቃችሁም ቢሆን፣ ቆማችሁ እዩ።