ከጫካው ምሽግ የተመለሰው ሻምበል

አራዳ ላይ ጠጅ ቤት ከፍቼ ስኖር ስንቱን ፎካሪ ሰምቻለሁ። የዚያን ሻምበል ፉከራ ግን እስክሞት አልረሳውም።

በጦርነቱ ጊዜ ታናሽ ወንድሜን ይዞ ከጅማ ማዶ ጫካ ውስጥ፣ ግንድ በግንድ ወደተሠራ ምሽግ የወረደው እሱ ነበር። ኋላ ምሽጉ ባዶውን ቀረ፤ ዛሬ ዝንጀሮ ይጨፍርበታል አሉ። ሻምበሉ ብቻውን ተመለሰና «ልጁ ከድቶኝ ለጠላት ገባ» ብሎ ለሹማምንቱ ተናገረ። በቃ! ለከዳ ሰው ለቅሶ የለ፣ ተዝካር የለ። ጎረቤት እናቴን «እግዜር ያጥናሽ» ለማለት እንኳ ፈራ። እሷ እንባዋን ውጣ ከረመች፤ እኔም አንጀቴ እያረረ ጠጄን ጣልኩ።

አንድ የገበያ ቀን ሻምበሉ ከነአጃቢዎቹ ቤቴ ገባ። እኔ አውቀዋለሁ፤ እሱ ግን የማን እህት እንደምትቀዳለት ከየት ይወቅ? ብርሌውን ሲደጋግም ሞቀውና ብድግ አለ።

«ዘራፍ! ወባ ሰው ሲፈጅ፣ ከእኔ ምሽግ አንድ ሰው አልከዳ! በመጨረሻ የወጣሁ እኔ!»

ቤት ሙሉ ጠጪ ሰማ። ማንቆርቆሪያዬን አስቀምጬ የነጠላዬን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ቋጠርኩት። «በንጉሥ አምላክ! ዳኛ ፊት!» አልኩት። ያኔ እንዲህ ተብሎ ልብሱ የተቋጠረ ሰው፣ ሹምም ቢሆን ፈትቶ አይሄድም። በገበያው መሃል ጎተትኩት፤ ደስ ሲል!

ዳኛው ጠጪዎቹን አስምለው ጠየቁ። ሻምበሉን ላብ አጠመቀው። ልጁ በወባ ተኝቶ ሳለ፣ ጠላት መጣ ሲባል ጥሎት እንደሸሸ አመነ። ዳኛው ምን እንዲፈረድልኝ እንደምሻ ሲጠይቁኝ ሰው ሁሉ ግርፋት ጠበቀ።

«ደጄ ድንኳን ይጣልና፣ ደረቱን እየመታ ወንድሜን ያልቅስልኝ» አልኩ። «አልከዳኸኝም፣ እኔ ከዳሁህ ይበል።»

አራዳ ግልብጥ ብሎ መጣ። ድምፁ ዝቅ ሲል፣ አንቱ ሲባል የኖረውን ሰው «አልሰማንም! ጩኽ እንጂ አንተ!» እለው ነበር። እሰይ፣ አንጀቴ ራሰ።

እናቴ ግን ቀስ ብላ አጠገቡ ሄደች። «ጌታዬ፣ ጥለውት ሲሄዱ ውሃ አስቀምጠውለት ነበር?» አለችው።

ደረቱን መምታት አቆመ። መሬት መሬቱን አየ። ያን ጊዜ ነው እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የጮኸችው።

እኔም ተጠምተህ ሙት ብዬ ረገምኩት። እርግማኔን እስከ ዛሬ አላነሳሁም።