የማይሰማው የቬልዳ ሬዲዮ

ቬልዳ ስትሮም የምትተዳደረው የግንድ ቆራጮችን የሞተር መጋዝ በመሳልና በመጠገን ነው። ሥራው መጀመሪያ የባሏ የኤምሪ ነበር። እሱ ክረምቱ መሀል ሲሞት፣ በሰሜን አይዳሆ የሚያውቃት ሁሉ ሞረዶቹንና ሞርሳውን ሸጣ ከእህቷ ከሎታ ጋር ቤት የምትቀመጥ መስሎት ነበር። አልሸጠችም። በረዶው እንደለቀቀ፣ ኤምሪ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የገዛውን ቀይ ፒክአፕ አስነሳች፤ ዝናብ ዕቃዋን እንዳያበላሽባት ካሶኒው ላይ የፋይበር ግላስ ክዳን አስገጠመች፤ ወደ ጫካው ወጣች። “መጋዝ የሚሳለው በእጅ ነው እንጂ በጢም አይደለም” አለቻት ሎታን።

ወደ ግንድ መቁረጫው የሚወስደው መንገድ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ተራራ። በየማይሉ ዛፍ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ተቸንክሯል፤ ሹፌር ሁሉ ሰሌዳው ጋ ሲደርስ የት እንዳለ በሬዲዮ ይናገራል። “አራት ላይ፣ ባዶ፣ ሽቅብ።” “ዘጠኝ ላይ፣ ሙሉ፣ ቁልቁል።” ግንድ የጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ ቶሎ መቆም አይችልምና፣ ጥሪውን የሰማ ባዶ መኪና ቀድሞ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ገብቶ ይጠብቃል። እዚያ መንገድ ላይ ሳይጠራ የሚነዳ ወይ እብድ ነው ወይ ከከተማ የመጣ።

ቬልዳ ሁለቱንም አይደለችም። የኤምሪን ሬዲዮ ጋቢናው ውስጥ አሰረችው። ጭንቁ አንቴናው ነበር። የጋቢናውን ጣሪያ አልነካም ብላለች። ኤምሪ ያን መኪና እሑድ እሑድ በእጁ ያጥበው ነበር፤ ተለጣፊ ወረቀት እንኳ አላስነካውም፤ ጫካ ሳያስገባውም ሞተ። በማግኔት የሚጣበቅ አንቴና ደግሞ በዚያ መንገድ አይሆንም፣ ገና ከመውጣቷ ቅርንጫፍ ጠርጎ ይጥለዋል። ስለዚህ ከሁሉ ከፍ ያለውን ቦታ መረጠች። ክዳኑን በስታ አንቴናውን አናቱ ላይ በብሎን አጠበቀችው፣ ኬብሉን ወደ ጋቢናው ሳበች፣ ራቅ ብላ ቆማ አየችውና ደስ አላት። ሬዲዮውን ስትከፍተው የሹፌሮቹ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። የሚሰማ ሬዲዮ የሚናገርም መሰላት። እንዲህ የማይመስለው ማን አለ?

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ዘጠኝ ቁጥር ሰሌዳ ጋ ኩርባውን ስትዞር ቦይድ ሉንድ ግንዱን ቆልሎ ከፊቷ ድንገት ብቅ አለ። ቬልዳ መሪዋን ወደ ተራራው ጠምዝዛ ቦይ ውስጥ ገባች፤ ግዙፉ መኪና መስታወቷን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው አለፈ። ቦይድ የኤምሪ የቆየ ጓደኛ ነው። ታች ርቆ እንደምንም ቆመና ዳገቱን በእግሩ እያለከለከ መጣ።

“አንቺ ሴትዮ፣ አፍ የለሽም? ለምን አትጠሪም?”

“ጠርቻለሁ! ያውም ሁለቴ! ጆሮህን ጥረገው።”

“አልጠራሽም ቬልዳ።”

“ውሸታም ነሽ እያልከኝ ነው?”

“እኔ እንደዛ ወጣኝ? ምንም አልሰማሁም ነው ያልኩት።”

“ሂድ እባክህ፣ ፊቴ ላይ አትቁም።”

ከዚያ ቀን ወዲህ ቦይድ ጭኖ በወረደ ቁጥር በየኩርባው ክላክሱን ያንባርቀው ጀመር። ሌላው ሹፌር አይነፋም፤ ሬዲዮ ያለው ሰው ምን ብሎ ይነፋል? እሷ ስትጠራ ደግሞ አንድም ሰው አይመልስላትም። ቬልዳ ይህንን ከዚያ ጋር ደመረችና ነገሩ የገባት መሰላት። ሴት ሥራቸው ውስጥ ስለገባች አድመውባታል፤ ቦይድ ደግሞ ጭራሽ ያላግጥባታል። ግንድ መጫኛው ቦታ ላይ ሚስቱ የጋገረችውን የእንጆሪ ኬክ ይዞላት ሲመጣ ጀርባዋን ሰጠችው። መጋዙንም ከሁሉ መጨረሻ ሳለችና ያለ አንድ ቃል እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ቬልዳ ካኮረፈች አኮረፈች ነው፣ ኤምሪ እንኳ ሲያስታርቃት ሳምንት ይፈጅበት ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሃርላን ቴግ በሩ ላይ አስቆማት። የመንገዱን በር የሚጠብቀውና የሹፌሮቹን ጥሪ ቀኑን ሙሉ የሚያዳምጠው እሱ ነው።

“ትናንትም ሌላ ሹፌር ለጥቂት ነው የሳተሽ።”

“ጠርቻለሁ።”

“ቬልዳ፣ እኔ ከዚህ ወንበር ተነስቼ አላውቅም። ድምፅሽን አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።”

“ገባኝ። አንተም ከነሱ ጋር ነህ።”

“ከእነማን?” ሃርላን ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። “ስሚኝ። የኤምሪን ሬሳ ሣጥን ተሸክሜአለሁ፤ ያንቺን መሸከም አልፈልግም። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው መኪና ሳይወርድ ዘጠኝ ላይ ሆነሽ ትጠሪኛለሽ። ካልሰማሁሽ የበሩን ቁልፍ ታስረክቢኛለሽ።”

ቆራጮቹ በሙሉ ያሉት ከዚያ በር ወዲያ ነው። ቁልፉን መለሰች ማለት ሥራውን ተወች ማለት ነው።

ቤቷ ስትገባ በሩን አላተመችው። ሎታ ሾርባ እያማሰለች የእህቷን ስድብ እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ “እስቲ እኔ ላዳምጥሽ። እኔም አድሜብሽ እንደሆነ እናያለን” አለች። የኤምሪን ትንሿን የእጅ ሬዲዮ ይዛ ወጣች። ቬልዳ ፒክአፑ ውስጥ ሆና መናገሪያውን ያዘች።

“ዶሮ ቤቱ ጋ ነኝ” አለ የሎታ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ። “በይ ተናገሪ።”

“እየተናገርኩ ነው። ትሰሚኛለሽ?”

“ተናገሪ እንጂ!”

“እየተናገርኩ ነው እኮ!”

“ኧረ ቬልዳ፣ እግሬ በጭቃ ራሰ! ለቀልድ ነው ያወጣሽኝ?”

ቬልዳ መናገሪያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ፊቷ ጋለ። ማንም አላደመባትም። እስከ ዶሮ ቤት በማይደርስ ድምፅ ስትጠራ፣ ዓይኗን ጨፍና ወደ ግንድ መኪኖች ስትነዳ ነው የከረመችው። አፍራለች፣ ፈርታለችም። ግን ሰውን ማስተካከል እንጂ ዕቃ ማስተካከል አስቸግሯት አያውቅም።

የኤምሪን የሬዲዮ መለኪያ ከዕቃ ሣጥኑ አውጥታ ሬዲዮውና አንቴናው መሀል አገናኘችው። መናገሪያውን ስትጫን መርፌው ሄዶ ቀዩ ጫፍ ላይ ተለጠፈ፤ ድምፁ ሳይወጣ ወደ ሬዲዮው እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ያኔ ኤምሪ አሮጌው መኪና ላይ ሲሠራ የሚለው ትዝ አላት፤ አንቴና ብቻውን አይሠራም፣ ከሥሩ የሚደገፍበት ሰፊ ላሜራ ይፈልጋል። ክዳኑን በጣቷ አንኳኳችው። እንደ ፕላስቲክ ባልዲ ነው የጮኸው፤ ብረት አይደለም። ቅዳሜ ከአንቴናው ሥር እስከ ካሶኒው ብረት ወፍራም ሽቦ ዘረጋች። መርፌው ትንሽ ወረደ፣ ሎታም ከዶሮ ቤቱ አልፋ እስከ አጥሩ ሰማቻት። አጥሩ ግን ዘጠነኛው ማይል አይደለም።

“ታዲያ ጋቢናው ላይ አድርጊው” አለች ሎታ።

“አይነካም አልኩሽ።”

“እንግዲያው ቁልፉን መልሺ።”

ቬልዳ እሑድ በማለዳ ተነስታ ፒክአፑን ልክ እንደ ኤምሪ ከጎማው እስከ ጣሪያው አጠበችው፣ በጨርቅ አደረቀችው። ከዚያ መሰርሰሪያውን ይዛ ወጣች። የጣሪያውን መሀል ለክታ ምልክት አደረገች። “ይቅር በለኝ፤ ባትለኝም እበሳዋለሁ” አለችና ተጫነችው። ላሜራው ጮኸ፣ ቀይ ቀለም የለበሰ ፍቅፋቂ ግንባሯ ላይ ተበተነ። ከውስጥ በኩል ብረት ከብረት እንዲገናኝ ቀለሙን በቢላ ፋቀችው፤ ውሃ እንዳይገባ ጎሚኒ አስገብታ አንቴናውን በዳዶ አጠበቀችው። መናገሪያውን ስትጫን መርፌው ከታች ንቅንቅ አላለም። ሎታ የእጅ ሬዲዮውን ይዛ በራሷ መኪና እስከ ከተማው ሱቅ ሄደች።

“ቬልዳ፣ ጆሮዬን አደነቆርሽው! ቀስ ብለሽ አውሪ!”

ሰኞ ጠዋት ዘጠኝ ቁጥር ሰሌዳ ጋ ሰፊው ቦታ ገብታ ቆመች። መናገሪያውን አነሳች። “ዘጠኝ ላይ፣ ባዶ፣ ሽቅብ። ቬልዳ ነኝ።”

“ሰምቼሻለሁ” አለ ሃርላን ከታች። “ቁልፉ ኪስሽ ይቆይ።”

ወዲያው ሌላ ድምፅ ገባ። “በመጨረሻ! ቦይድ ነኝ። አሥራ አንድ ላይ፣ ሙሉ፣ ቁልቁል።”

“ዘጠኝ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ” አለች። ከዚያ አላስቻላትም። “ቦይድ፣ ያን ሁሉ ቀን ክላክስ ስትነፋብኝ የከረምከው ለምንድነው?”

“እንዴት ለምን? ሳትጠሪ ጠርቻለሁ ብለሽ የምትዋሺ ሰው አይደለሽም። ሬዲዮሽ ድምፅሽን እንደማያወጣ ገባኝ። በሩ ላይ ስጠይቀው ሃርላን ወጥታለች ባለኝ ቁጥር በጆሮሽ እንድትሰሚኝ በየኩርባው እነፋለሁ። ልነግርሽ ስመጣ ደግሞ ጀርባሽን ነዋ የምታሳዪኝ።”

ቬልዳ መናገሪያውን እንደጨበጠች አለቀሰች።

“እዛው ነሽ?” አለ ቦይድ።

“አለሁ። ዛሬ መጀመሪያ የምስለው ያንተን መጋዝ ነው።”

“ኬኩንስ?”

“ካለ አምጣ።”

ግንድ የጫነው መኪና አፈር እያስነሳ ወረደ። ሲያልፋት ቦይድ እጁን በመስኮት አወጣላት። ቬልዳ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ አዳመጠች። ኩርባውን ዞረ፣ ቀጣዩንም ዞረ፣ ክላክሱን ግን አልነፋም።