ባሕሩ ዳር የበላነው ሩዝ

ዛሬ ጠዋት ልጄ ሳምራዊት ደወለችና «አባዬ፣ ቁርስ በላህ?» አለችኝ። ገና ነኝ አልኳት። «ፕሊስ ብላ። ከዚያ ሃይኪንግ እንሄዳለን። ከሥራ ኦፍ ወስጃለሁ፤ ጋሼ ደስታም ይመጣሉ» አለች። በመስኮት አየሁ። ሌሊቱን የጣለው በረዶ መኪናዬን ሸፍኗታል። ደስታ እዚሁ ካልጋሪ፣ ሬድስቶን ሰፈር የሚኖር ወዳጄ ነው። መኪናውን ትንሽ ራቅ አድርጎ ፓርክ ካደረገ ቀኑን ሙሉ ሲያማርር የሚውል ሰው በዚህ ብርድ ተራራ ሊወጣ? እንቁላሉን በእጄ ይዤ መጥበሻው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። እንዲህ ያለውን ግብዣ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ያውም ብርድ በሌለበት አገር።

ኩባ ነበርን። አባቶቻችን ጦር ሜዳ የቀሩብን ልጆች ተሰብስበን፣ ከዋናው ምድር ጎን ወዳለች ትንሽ ደሴት ለትምህርት ተልከን ነበር። ግማሽ ቀን እንማራለን፣ ግማሽ ቀን ብርቱካን እርሻ ውስጥ እንሠራለን። ከእኔ ቀጥሎ ያለው አልጋ የወርቅነህ ነበር። ወንድም የለው፣ እህት የለው፤ አገር ቤት የቀረችው እናቱ ብቻ ነበረች። «እማዬ» ሳይል የዋለበትን ቀን አላስታውስም። አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር፤ ልጅነት መቼስ።

ትምህርት ተዘግቶ ዕረፍት በወጣን ሰሞን፣ አብረውን ከአገር ቤት የመጡት ቲቸር አበራ ለብቻዬ ጠሩኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ወሬ ይዞ መጥቷል፤ የወርቅነህ እናት አርፋለች። እጄን ያዝ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «እዚህ ግቢ ውስጥ ደወል አለ፣ ሰልፍ አለ። ልጁ የት ሆኖ ያልቅስ? ነገ ሁላችንም ተራራውን ወጥተን ወደ ባሕሩ እንወርዳለን። አንተ ከአጠገቡ አትለይ። ደግሞ ይብላ፤ ሳይበላ አልነግረውም።» ያገራችን ወግ ነው። መርዶ የሚነገረው ሰው እህል ቀምሶ፣ ወዳጅ ዙሪያውን ከቦት ነው።

በማግስቱ ዝናቡ ሲያባራ ወጣን። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፤ ዛፉ ሁሉ ያንጠባጥባል፤ የወደቀው ዘይቱን ከሩቁ ይሸታል። እኛ የደጋ ልጆች ያንን ወበቅ ፈጽሞ አልለመድነውም ነበርና ሸሚዛችንን አውልቀን ራሳችን ላይ ጠመጠምን። ጫካውን ስንጨርስ ሸርጣኖች በጎናቸው እየሄዱ መንገዱን ሞልተው ሲያቋርጡ አገኘናቸው። ወርቅነህ እስኪያልፉ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ይሄን ለእማዬ ስነግራት አታምነኝም» አለ።

እኔ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ አጎነበስኩ።

ተራራው አናት ላይ ድንጋዩ ነጭ እብነ በረድ ነው። በየት በኩል ብትዞር ባሕር። ወርቅነህ ባሕሩን አይቶ እናቱን አነሳ። በቀቀን ጮሆ ሲበር እናቱን አነሳ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ አንጀቴን የበላኝም ደስታው ነው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ከፊቴ እየዘለለ ይሮጥ ነበር፣ እኔ ደግሞ መንገዱ ባያልቅ እወድ ነበር።

ባሕሩ ዳር አሸዋው ጥቁር ነው፣ እግር ይለበልባል። በድስት ተሸክመን የመጣነውን ሩዝና ጥቁር ባቄላ፣ ከተጠበሰ ሙዝ ጋር አቀረብን። አጎረስኩት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ እየሳቀ ሁለተኛውን ጠየቀኝ። ሦስተኛውንም ሰጠሁት። ከዚያ ዋኘ፣ ተንከባለለ፣ ሸሚዙን ለብሶ ተቀመጠ። ቲቸር አበራ ክብ ሠርተን እንድንቀመጥ አደረጉን፤ ያኔ ፊታችንን አንድ በአንድ አየው። ሲነግሩት አልጮኸም። ወደ እኔ ብቻ ዞረ።

«ሩዙን ያጎረስከኝ ለዚህ ነው?»

ከዚያ በኋላ አለቀሰ። የበላውን ሁሉ አስመለሰው። እኛም እንደ ትልቅ ሰው ከበን አለቀስን፤ ደወልም ሰልፍም አልነበረም። እሳቸው ተሳስተዋል አልልም። አሁንም አልልም።

ወርቅነህ ግን ሐሳቡን አልቀየረም። ከሳምንት በኋላ ብርቱካን እየለቀምን፣ «እናቴ አፈር ለብሳ እኔ ስስቅ ዋልኩ። አንተ ላይ እንዲህ አላደርግም። የሰማሁ ዕለት ወዲያው እነግርሃለሁ፣ በባዶ ሆድህ» አለኝ።

ቃሉንም ጠበቀ። ሁለታችንም ጎልምሰን፣ እኔ ካልጋሪ፣ እሱ አዲስ አበባ እያለን እናቴ አረፈች። እዚህ ያሉት ወዳጆቼ እንዴት ይነገረው እያሉ ሲመክሩ እሱ ደወለ። ከሺፍት እየተመለስኩ ነበር። «ፓርክ አድርግ» አለኝ፤ አደረግኩ። «እናትህ አርፋለች» አለኝ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጋ፣ አልቅሼ እስኪወጣልኝ አብሮኝ አለቀሰ። እንደዚያ ያለ ደግ መርዶ ነጋሪ የለም።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ሳንደዋወል አናልፍም። ኩላሊቱን ከታመመ በኋላ ድምፁ ደክሟል፤ ቢሆንም ስለ ሸርጣኖቹ ሳያነሳ አይዘጋም። ባለፈው እሑድ ስልኩን ልጁ አነሳና «አባዬ ተኝቷል» አለኝ። ረቡዕ ስደውልም «ተኝቷል» አለኝ።

አሁን የሳምራዊት መኪና በር ላይ ቆመ። ከኋላዋ የደስታ፣ ከሱም ኋላ ሌላ። ደስታ ነጠላውን ከካፖርቱ ሥር ደብቋል፤ ጫፉ ግን ይታያል። ልጄ ከመኪናዋ ወርዳ መስኮቴን ሽቅብ እያየች ፊቷን ትጠርጋለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ አባቷ በልቶ እንዲሰማ አስባለች። እግዜር ይባርካት።

ነገር ግን ሳልበላ ይነግረኝ የነበረው ወርቅነህ ነው። አሁን ማን ይንገረኝ? እንቁላሉን ወደ ቦታው መለስኩና ምንም ሳልቀምስ በሩን ልከፍትላቸው ወረድኩ።