የአባቴ አራት በሬዎች

ባለፈው ሳምንት ነቀምቴ ላይ ግብር ልንከፍል በባጃጅ ስንሄድ ልጄ መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም ነበር። የቆርቆሮና የምስማር ሱቃችን ግብር ዘንድሮ ጨምሯል። ከጎናችን ያለችው ሻይ ቤት የምትከፍለው የእኛን ሩብ አይሆንም፣ ይግባኝ እንበል አለኝ። «እኩል አይደለንም እንዴ፣ እማዬ?» እኔም ከቤት ስንወጣ ስራገም ነበር፤ አልዋሽም። «እኩል» ሲል ግን የተወለድኩባት ሲሬ ትዝ አለችኝ።

ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ነቀምቴ ዐሥራ አንደኛ ክፍልን ጨርሼ ለክረምት ሲሬ ወደ ቤተሰቦቼ መጥቻለሁ። ከተማ የተማርኩ ነኝና የገበሬ ማኅበሩን ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተደረገ፤ ኩራቴ ለጉድ ነበር። ሶሻሊዝም በየስብሰባው የሚጠራበት ዘመን ነው። አንድ ቀን ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ሊቀመንበሩ ለትምህርት ቤት ማሠሪያ የሚሆን ግብር አቀረበ። አዝመራው ሲገባ እያንዳንዱ ቤት አንድ ኩንታል በቆሎ ይከፍላል። ሶሻሊዝም እኩልነት ነውና ማንም ከማንም አይበልጥም፣ አያንስምም አለ። ሰው አጨበጨበ። አባቴ ኦቦ ፈይሳም አብሮ አጨበጨበ፤ አራት በሬ ያለው ሰው ነበር።

ከኋላ አደ ዘሐራ ተቀምጣለች። በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥታ እኛ መንደር የሰፈረች፣ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ከቁራሽ መሬቷ ቢበዛ ሁለት ኩንታል ብታገኝ ነው። አንዱን ከሰጠች ልጆቿ የሚቀጥለውን ክረምት በምን ይሻገራሉ? የሻሿን ጫፍ እያፍተለተለች መሬት መሬት ታያለች።

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። ከውይይት ክበብ የሸመደድኩት ሁሉ ጠፋኝ። የመጣልኝ ደቦ ብቻ ነው።

«ደቦ ስንወጣ በሬ ያለው በሬውን ይዞ ይመጣል፤ የሌለው በጉልበቱ ያግዛል። የሌለውን ሰው በሬህ የት አለ ብለነው እናውቃለን? ግብሩም እንደዚያ ይሁን። አራት በሬ ያለው ቤት አራት ኩንታል ይክፈል።»

አራት በሬ ያለው ማን እንደሆነ የማያውቅ የለምና ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ።

«ጻፊ፤ ፈይሳ አራት» አለና ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ባለ በሬዎቹ አንድ በአንድ፣ ግማሹ እያጉተመተመም ቢሆን፣ አስጻፉ። አደ ዘሐራ ለግድግዳው ጭቃ የሚሆነውን ውኃ እቀዳለሁ ብላ ተመዘገበች። ስንወጣ እጄን ጨብጣ «አብሽሪ ልጄ» አለችኝ።

ጭቃውን እየረገጥን ወደ ቤት ስንመለስ በየደጁ የበቆሎ እሸት ጥብስ ይሸታል። ወንዙን እንደተሻገርን አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በሬዎቼን ሳትጠይቂኝ ጠመድሻቸው» አለኝ።

ይቅርታ ልጠይቅ ስል ሳቀ። ለእናቴ ሲያወራላት ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር። እንደዚያን ቀን በእሱም በራሴም ኮርቼ አላውቅም። ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ፤ በሲሬ ባለፍኩ ቁጥር የሚኒባሱን መስኮት ከፍቼ አየዋለሁ።

ባጃጁ ቆመ። ልጄ የይግባኙን ማመልከቻ ዘረጋልኝ። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ወደ መክፈያው መስኮት ሄድኩ። ያኔ የጠመድኩት የአባቴን በሬዎች ነበር፤ እሱ ቀላል ነው። ዛሬ በሬዎቹ የእኔ ናቸው።