ሳይታሰሩ የተፈቱት እትዬ

አሜሪካ በገባሁ በሦስተኛው ወር ስለ ስደተኞች ሕግ የማላውቀው ነገር አልነበረም። ቀን ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ የፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ሬዲዮ እሰማለሁ፤ ሥራ ስጨርስ ደግሞ አሌክሳንድሪያ ወዳለው አፓርታማችን እመለስና የሰማሁትን ለቤቱ ሰው አድላለሁ። በዚያ ሰሞን ወሬው ሁሉ ያለ ወረቀት ስለሚኖሩ ሰዎች ነበር። እኔ የዲቪ ሎተሪ ደርሶኝ ከነግሪን ካርዴ የመጣሁ ሰው ነኝና፣ በዚህ ጉዳይ ከእኔ በላይ የሚመለከተው ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ቤቱ የእትዬ ነው። እትዬ የምንላቸው ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የአዲስ አበባ ሴት ናቸው፤ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ይንከባከባሉ። አንዱን ክፍል ለእኔና ለአብሮ አደጌ አከራይተውናል። አብሮ አደጌ ታክሲ ነጂ ነው፤ ከእኔ አምስት ዓመት ቀድሞ ስለመጣ በሁሉ ነገር አምስት ዓመት የሚበልጠኝ ይመስለዋል። እሑድ እሑድ እትዬ ስፓጌቲ ይሠሩና ሦስታችን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠን እንበላለን። እኔ እየጎረስኩ እሰብካለሁ።

«ሕግ ሕግ ነው! እኔ ተራዬን ጠብቄ ነው የመጣሁት። ኢሊጋል የሆነ ሁሉ አገሩ ተመልሶ ተራውን ይጠብቅ!»

«እውነትህን ነው ልጄ» ይሉኛል እትዬ፣ ሳህኔ ላይ እየጨመሩልኝ። አብሮ አደጌ ወደ መስኮቱ ዞሮ ያስላል።

ለመሆኑ የጠበቅኩት ተራ የቱ ነው? አንድ ደብዳቤ ፖስታ ቤት ጣልኩ፣ ዕጣ ወጣልኝ፣ መጣሁ። የቶምቦላ በግ የደረሰው ሰው ጎረቤቱን ስለ በግ እርባታ ሲመክር አስቡት፤ እኔ እንደዚያ ነበርኩ።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ልብስ ልናጥብ ወደ ምድር ቤት ስንወርድ አብሮ አደጌ ያዝ አደረገኝ።

«የማንን ስፓጌቲ እየበላህ እንደምትሰብክ ታውቃለህ?»

«የእትዬን ነዋ።»

«እትዬኮ ፔፐር የላቸውም! ለዘመድ ሰርግ በቪዚት ቪዛ መጥተው የቀሩ ናቸው። አገር ቤት ታስረው ነበር፤ ቢመለሱ መልሰው ነው የሚያስሯቸው። አሁን ጥገኝነት ሊጠይቁ፣ አሳይለም አፕላይ ሊያደርጉ ነው። ይሄን ካንተ በቀር የማያውቅ ሰው የለም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሦስት ወር ሙሉ፣ በገዛ ቤታቸው፣ የሠሩትን እየበላሁ ከአገር ውጡ ስላቸው ኖሬያለሁ። ከዚህ ሁሉ ያሳፈረኝ ግን አንድም ቀን ሳይቆጡኝ መቅረታቸው ነው።

ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል ስፈልግ እትዬ ቀደሙኝ። በማግሥቱ የአሳይለሙን ቅጽ ይዘው መጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«አንተ ሕግ ታውቃለህ» አሉኝ። አላግጠው ይሁን የምራቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም። «ሙላልኝ።»

እንደዚያ ተጠንቅቄ የሞላሁት ወረቀት የለም። እጄን ታጠብኩ፣ ጠረጴዛውን ወለወልኩ፣ የነገሩኝን ሁሉ በሚያምር ጽሕፈት አሰፈርኩ። ዓመተ ምሕረቱን ወደ ፈረንጅ ስለውጥ በያንዳንዱ ላይ ስምንት ደመርኩ። መጨረሻ ላይ «ቅጹን ያዘጋጀው» በሚለው ቦታ ፊርማዬን በትልቁ አኖርኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ኢሚግሬሽን ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ተጠሩ። አመልካች አስተርጓሚውን ራሱ ይዞ ነው የሚሄደው፤ አስተርጓሚው ማን እንደሆነ መቼም አትጠይቁኝም። የአብሮ አደጌን ክራባት አስሬ ገባሁ። ጠያቂዋ ወጣት ሴት ናት። ለመታወቂያ ብላ ግሪን ካርዴን ተቀበለችኝና ፋይሉ ላይ አስቀመጠችው። የተባለውን ብቻ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ልተረጉም እጄን አንስቼ ማልኩ።

መጀመሪያ ሁሉም ሰላም ነበር። ከዚያ ጠያቂዋ ቅጹን እያገላበጠች ቆመች።

«እዚህ ላይ በጥቅምት ታሰርኩ ይላሉ። የተፈቱት ግን በዚያው ዓመት በመጋቢት ነው ይላል። ከመታሰርዎ ሰባት ወር ቀድመው እንዴት ተፈቱ?»

ተረጎምኩላቸው። «ምን ትላለች ይቺ?» አሉ እትዬ። «ታስሬ ነዋ የተፈታሁት! አምስት ወር ሙሉ! ንገራት!» ነገርኳት። ፊቷ አልተፈታም፤ የሆነ ነገር ጻፈች።

እኔ ግን ገብቶኛል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ላለው ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ላለው ስምንት እንደሚደመር ተማሪ ቤት ተምሬ ነበር። ጥቅምት ላይም ስምንት የደመርኩት እኔ ነኝ። ይህን መናገር ደግሞ መጨመር ነው፤ ላልጨምር ምያለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን እትዬን አውሮፕላን ላይ ሊጭናቸው ነበር።

«ይቅርታ» አልኳት፣ «ይህን የምለው እንደ አስተርጓሚ አይደለም። ስህተቱ የእኔ ነው።»

በጣቶቼ እየቆጠርኩ አስረዳኋት። እሷም በጣቶቿ አብራኝ ቆጠረች። ከዚያ ግሪን ካርዴን ከፋይሉ ላይ አነሳችው።

«አንተስ የተወለድከው በየትኛው ወር ነው?»

«ኅዳር።»

«ለራስህስ ስንት ነው የደመርከው?»

«ስምንት» አልኳት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። ለአሜሪካ መንግሥት በፊርማዬ አረጋግጬ የሰጠሁት የልደት ቀን ሐሰት ነበር።

እንዳትሳቀቁ አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለእትዬ ተፈቅዶላቸዋል። የእኔን ካርድ ማስተካከል ግን ዓመት ከመንፈቅ ወስዷል። በዚያች ደቂቃ ግን እኔም እትዬም ይህን አናውቅም። ጠያቂዋ ካርዴን እያገላበጠች ታያለች። እትዬ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ፊቴን አይተው ደነገጡ።

«ምን አለችህ ልጄ?»

«የእኔም ወረቀት ልክ አይደለም፣ እትዬ።»

የራሳቸውን ጉዳይ እዚያው ረሱት። ነጠላቸውን አስተካክለው ከወንበራቸው ተነሱ።

«እንዲህ በላት» አሉኝ። «ይህ ልጅ ቢሳሳት እንጂ አይዋሽም። የሚኖረው እኔ ቤት ነው፤ ዋሱ እኔ ነኝ። ከአገር እንዳታስወጪው በላት።»

«ምን አሉ?» አለችኝ ጠያቂዋ።

ቃል በቃል ልተረጉም ምዬ ነበርና፣ ተረጎምኩላት።